ማስተካከያ፦ ሌሽማኒያ ሙቀት ሲያገኘው ስለሚሆነው ነገር

ማክሰኞ በላክሁላችሁ ኖት ላይ ሌሽማኒያ (ካላዛር የሚያመጣው ባለ አንድ ሴል ፓራሳይት) ሲሞቀው ልክ እንደኛ ሴል የሂት ሾክ ጂኖቹን፣ ማለትም ከሙቀት ጉዳት የሚከላከሉ ፕሮቲኖች የሚሰሩባቸውን፣ ለይቶ ያበራል ብዬ ነበር፣ ስህተት ነው፣ ይቅርታ፣ ኮፒ ያደረጋችሁት እባካችሁ አስተካክሉት። ትናንት እዚሁ ጅማ ቡና እየጠጣን አንዷ ተማሪ "ታዲያ ፕሮሞተሩ የታለ?" ስትለኝ ነው የነቃሁት፣ ፕሮሞተር ማለት የጂን ማብሪያ ነው።

እንዲህ ነው፣ ይሄ ፓራሳይት በአሸዋ ዝንቧ ሆድ 26 ዲግሪ አካባቢ ኖሮ ሰው ውስጥ ሲገባ ባንዴ 37 ይጠብቀዋል፣ ግን ጂኖቹ በረድፍ ተያይዘው ባንድ ላይ ወደ ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲን የሚሰራበት የጂን ቅጂ) ስለሚቀዱ ለየብቻ ማብሪያ የላቸውም። ስለዚህ ዋናው ቁጥጥር ኤምአርኤንኤው ከተሰራ በኋላ ነው፣ የቱ ቶሎ ይፈርሳል፣ የቱ ይቆያል፣ የቱ ፕሮቲን ይሆናል የሚለው ላይ። ለምሳሌ ኤችኤስፒ83 የሚባለውን የሂት ሾክ ፕሮቲን ውሰዱ፣ እኛ ጋ ኤችኤስፒ90 የምንለው ማለት ነው፣ ሙቀት ሲጨምር የሌሎች ፕሮቲኖች መሰራት ይቀንሳል፣ የሱ ኤምአርኤንኤ ግን ጭራው ላይ ባለው ሦስት ፕራይም ዩቲአር (ራሱ ፕሮቲን የማይሆን ክፍል) ምክንያት ተመርጦ ይተረጎማል፣ ማለትም ፕሮቲን ይሰራበታል፣ እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው።

የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ ብሩሲም ዘመዱ ስለሆነ እንደዚሁ ነው፣ እሱ ጋ ዜድሲ3ኤች11 የሚባል ፕሮቲን የሂት ሾክ ኤምአርኤንኤዎቹን ይዞ እንዳይፈርሱ ያደርጋቸዋል።