ሲቪው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሌላ ነገር ንገሩን

«እስቲ ስለራስሽ ንገሪን።» ለደንበኛ አገልግሎት ሥራ ቃለ መጠይቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንን ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የትውልድ ቦታ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የተመረቁበት ዓመት፣ ጂፒኤ። ከዚያ «ታታሪ ነኝ፣ ከሰው ጋር ተግባብቼ እሠራለሁ፣ የሥራ ጫና እችላለሁ።» ይሄ ሁሉ ሲቪው ላይ ተጽፏል። ሲቪው ደግሞ ጠያቂዎቹ ፊት ተቀምጧል።

ከጠያቂዎቹ ጋር ተቀምጬ ይህን ስሰማ በጣም ይቆጨኛል። ልጆቹ የሚናገሩት አጥተው አይደለማ! አንዲት ተመራቂ ትዝ ትለኛለች። በእንግሊዝኛ የሸመደደችውን ጨርሳ ዝም አለች። «ከተመረቅሽ ወዲህስ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» አልናት። «ምንም፤ አክስቴን ሱቅ እያገዝኩ ነበር» አለች አንገቷን ደፍታ። ስለ ሱቁ እንድታወራን ለመንናት። አማርኛዋ ተፈታ። አንድ ደንበኛ በቴሌብር ከፍያለሁ ብሎ ስልኩን ያሳያታል። ብሩ ግን አልገባም። ሰውየው ይጮሃል፣ ከኋላው ሰው ይሰለፋል። አልተጨቃጨቀችውም። መልእክቱን አብራው አነበበች። አንድ አሃዝ ተሳስቶ ለሌላ ሰው ልኮታል። የግብይት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችው፣ የት ደውሎ እንደሚያመለክት ነገረችው፣ ዕቃውንም ለብቻ አስቀመጠችለት። ማታ ብር ይዞ ተመለሰ።

እኛ የምንፈልገው ይህንን ነበር። እሷ ግን «ምንም» ብላ ልታልፈው ነበር።

ነገሩ ከአስተዳደጋችንም ይመጣል። ስለራስ ማውራት ጉራ ነው፣ ሰው ይመስክርልህ እየተባልን ነው ያደግነው። ግን ልብ በሉ፤ «ታታሪ ነኝ» ማለት ነው ራስን ማወደስ። የሠሩትን እንደሆነው መናገር ጉራ የለበትም። ጨዋም ዓይን አፋርም ሊያደርገው ይችላል።

ስለዚህ አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃችኋል። ስማችሁን ተናገሩ፣ የተማራችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር እለፉት፤ የቀረውን ጊዜ ለአንድ ታሪክ ስጡት። የተቆጣ ሰው ያበረዳችሁበት፣ ግራ የገባውን ያስረዳችሁበት ይሁን። ሱቅ ቢሆን፣ የእድር ጸሐፊነት ቢሆን፣ ሆስፒታል በር ላይ አባባን ወረፋ ማስያዝ ቢሆን ችግር የለውም። ከዚያ ለምን እዚህ መሥራት እንደፈለጋችሁ ተናገሩ። ባንክ ከሆነ ቀድማችሁ አንድ ቅርንጫፍ ሂዱና ወረፋ ያዙ። ሰው የቱ ጋ እንደሚማረር ታያላችሁ። ለጥሪ ማዕከል ከሆነ ደግሞ ድምፃችሁን አስቡበት። ደዋዩ ፊታችሁን አያይም። የተሸመደደ ንግግር በስልክ ወዲያው ይታወቃል።

ቀጣሪዎችም የድርሻቸውን ይውሰዱ። ሥራው የሚሠራው በአብዛኛው በአገር ቋንቋ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 መስከረም መጨረሻ በይፋ አገልግሎት ሲጀምር የጥሪ ማዕከሉ ከእንግሊዝኛ ሌላ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ትግርኛ ይናገር ነበር። ታዲያ ደንበኛውን በኦሮምኛ የምታናግረውን ልጅ ራስሽን በእንግሊዝኛ አስተዋውቂ ማለት ምን ይለካልናል? የእንግሊዝኛ ክፍል ውጤቷን ካልሆነ በቀር! እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ቦታ አለ፤ እዚያ ይጠየቅ። ሌላው ቦታ ግን ጥሩ ሠራተኛ በር ላይ እየመለስን ነው።

እኔ ብሆን ከትውውቁ ቀጥሎ እንዲህ እላለሁ። «አንዲት እናት ደውለዋል። ፒን ኮዳቸውን 3 ጊዜ ተሳስተው ሲም ካርዳቸው ተቆልፏል፤ መክፈቻ የሚሆነውን 8 አሃዝ ያለው ፒዩኬ ቁጥር ይፈልጋሉ። ማንበብ ብዙም አይሆንላቸው። በሚቀልሽ ቋንቋ አነጋግሪያቸው።» ከዚያ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ።