ብርቱካን በጩቤ፦ ጠላት መንግሥትን የማንበርከኪያ ፍቱን ዘዴ

ባዕድ መንግሥት አገር ሲደፍር «እስቲ ቁጭ ብለን እንምከርበት» የሚሉ ሰዎች ከየት እንደሚመጡ ግራ ይገባል። ምን ምክር ያስፈልገዋል? መልሱ እንደሆነ የታወቀ ነው። ጉሮሮ ይሟሻል፤ ባንዲራ ይወጣል፤ ከዚያ በቅርብ የሚገኝ፣ አጸፋ የማይመልስና ለመቀጥቀጥ የሚመች ዕቃ ይፈለጋል። ዕቃው የራስ ወገን ንብረት ቢሆንም ችግር የለውም። እንዲያውም ይመረጣል፤ የጠላትን ዕቃ ለማግኘት እኮ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ ሊያስፈልግ ነው።

ለዚህ ጥበብ የ2017ቷ ቱርክ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በዚያ ዓመት በማርች ወር ኔዘርላንድስ የቱርክን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አውሮፕላን እንዳያርፍ ከለከለች። በመኪና ሮተርዳም የገቡትን ሌላ ሚኒስትር ደግሞ በፖሊስ አስከብባ ወደ ጀርመን ድንበር ሸኘች። ንቀት ነው፤ ማንም አይክደውም። የተቆጡ ሰልፈኞች ታዲያ ብርቱካን ይዘው ወጡ፤ በጩቤም ወጉት፣ ጨመቁትም። ብርቱካናማ የኔዘርላንድስ ንጉሣዊ ቤተሰብ ቀለም ነዋ! የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ጩቤ፣ አንድ ካሜራና ሁለት ሦስት ኪሎ ፍሬ ብቻ ነው። ኔዘርላንድስ ብርቱካን የሚበቅልባት አገር አይደለችም፤ ቱርክ ግን ለውጭ ገበያ ሳይቀር የምታቀርብ አምራች ናት። የተወጋው የማን ገበሬ ልፋት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በዚያው ሰሞን የአገሪቱ የቀይ ሥጋ አምራቾች ማኅበር 40 የሆልስታይን ከብቶች ወደ ኔዘርላንድስ እንዲመለሱ ወሰነ። ሆልስታይን በወተቷ የታወቀች ዝርያ ናት። የሚታለበውን ሸኝቶ የሚጮኸውን ማስቀረት ማለት ይህ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ጠቡ ከአሜሪካ ጋር ሲሆን አይፎንን በመዶሻ ማድቀቅ መጣ። እዚህ ላይ አንዲት የቴክኒክ ማሳሰቢያ አለች፤ አምራቹ ገንዘቡን የተቀበለው ስልኩ በተገዛ ቀን ስለሆነ መዶሻው ከኪሱ ሰባራ ሳንቲም አያስወጣም። ድቀቱን የሚቀርጽ ሌላ ስልክም ያስፈልጋል። ምን ዓይነት ስልክ እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው።

የሁሉም አውራ ግን የ2012ቱ የቻይና ዘመቻ ነው። ጃፓን በምሥራቅ ቻይና ባሕር ከሚያወዛግቡት ደሴቶች ሦስቱን ከግል ባለቤታቸው ገዛች፤ በሴፕቴምበር በብዙ የቻይና ከተሞች የጃፓን ስም የተለጠፈባቸው መኪኖች ተገለበጡ። አሁን መኪናውን ቀረብ ብለን እንየው። በዚያን ጊዜ የቻይና ደንብ መሠረት የውጭ መኪና አምራች እዚያ ለማምረት ከአገሬው ኩባንያ ጋር መሻረክ ነበረበት፤ ድርሻውም ከ50 በመቶ መብለጥ አይችልም። ቶዮታ ከኤፍ ኤ ደብሊው ጋር፣ ኒሳን ከዶንግፌንግ ጋር ሆነው ነበር የሚያመርቱት። ስለዚህ ብዙው መኪና ቻይናዊ ሠራተኛ የገጣጠመው፣ የትርፉ ግማሽ ለቻይና ኩባንያ የገባ፣ ቻይናዊ ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛው ነበር። እሱኑ ቻይናዊ በዱላ አደቀቀው። ቶኪዮ ላይ አንድ መስታወት አልተሰነጠቀም። ሺያን ከተማ ላይማ ጥበቡ ከብረት ወደ ሥጋ ተሻገረ፤ አንድ የአገሩ ልጅ የጃፓን መኪና ሲነዳ ተገኝቶ ጭንቅላቱን በብስክሌት መቆለፊያ ብረት ተመታና ከፊል አካሉ ሽባ ሆነ። «ባሏን የጎዳች መስሏት…» የሚለውን ተረት ጨዋ አንባቢ ራሱ ይጨርሰው።

ክንዱ ዱላ ማንሳት ለማይችል አርበኛ ደግሞ የምግብ ዝርዝር አለለት። በ2003 ፈረንሳይ የኢራቅን ወረራ ስትቃወም በአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ካፍቴሪያ «የፈረንሳይ ጥብስ» የተባለው ድንች «የነፃነት ጥብስ» ተባለ። ዘይቱም ያው፣ ጨውም ያው። በ2006 የቀድሞ ስሙ ያለ ሆይታ ተመለሰ። ፓሪስ በድንች ተደናግጣ አቋሟን አልቀየረችም።

መንግሥታትም በዚህ ጥበብ ከሕዝባቸው አያንሱም። በ1807 ሌፐርድ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቼሳፒክ በተባለው የአሜሪካ መርከብ ላይ ተኩሶ አራት መርከበኞች ወሰደ። ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን እንግሊዝን ለመቅጣት የራሳቸው አገር መርከቦች ወደ ውጭ ወደብ እንዳይሄዱ ከለከሉ። ሕጉ በዲሴምበር ወጣ፤ በ1807 108 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የአሜሪካ የወጪ ንግድ በ1808 ወደ 22 ሚሊዮን ወረደ። እንግሊዝ ደቡብ አሜሪካ ላይ ሌላ ገበያ አገኘች። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያለችው የኒው ኢንግላንድ ክልል መርከቦች ወደባቸው ላይ ታስረው ከረሙ፤ በሻምፕሌን ሐይቅ በኩል ወደ ካናዳ የሚያሻግረው ኮንትሮባንዲስት ግን ደልቶት ነበር። የገበያ እቀባ የሚጎዳው ሌላ ገዢ ወይም ሌላ ሻጭ የሌለውን ወገን ነው፤ ጄፈርሰን የሌለው ማን እንደሆነ ሳይቆጥሩ ነው የገቡበት። ሕጉን የሻሩት ሥልጣን ሊለቁ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው። ፉከራው ግን አንድ ዓመት ከምናምን ደምቆ ቆይቷል፤ እሱን የሚያህል ምን አለ?

ከዚያ ደግሞ «ኤምባሲው ዛሬውኑ ይዘጋ!» የሚል ጩኸት አለ። አሰልቺ ሰዎች ይህን ነገር መሰላል አድርገውታል። መጀመሪያ አምባሳደሩን ጠርቶ ማስጠንቀቅ፣ ቀጥሎ የራስን አምባሳደር «ለምክክር» መጥራት፣ በ1961ዱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 9 መሠረት ምክንያት እንኳ ሳይሰጡ ጥቂት ዲፕሎማቶችን ማባረር፣ ግንኙነቱን ወደ ጉዳይ ፈጻሚ ማውረድ፣ መጨረሻ ላይ ማቋረጥ። ደፋር ሰው መሰላል አይቆጥርም፤ ዘሎ ጣሪያው ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚወጡበት ስለሌለ ጠላት ነገ ለሚሠራው የሚሰነዘር ዛቻ አይተርፍም። ከማሰብ ይገላግላል። ቆጥሮ መመለስንም ጠላት ያውቅበታል፤ ብሪታንያ በ2018 በሳልዝበሪ ከተማዋ አንድ የቀድሞ የሩሲያ ሰላይ በመመረዙ ሰበብ 23 የሩሲያ ዲፕሎማቶች ስታባርር ሞስኮ ልክ 23 አባረረች።

ኤምባሲ ሲዘጋ የሚዘጋው የሰላይ ክፍል ብቻ መስሎት የሚያጨበጭብ ብዙ ነው። ፓስፖርቱ የጠፋበት ተማሪ፣ እስር ቤት ያለ ዜጋ፣ ሬሳ ማስመጣት የፈለገ ቤተሰብ የሚያንኳኩት ያንኑ በር ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሦስተኛ አገር ለምኖ ጉዳይን በእሱ በኩል ማስፈጸም ይመጣል። አሜሪካ ከ1980 ጀምሮ በቴህራን የሚኖራትን ጉዳይ በስዊዘርላንድ በኩል ስትከታተል ቆይታለች። ከጠላት ጋር አለመነጋገር ማለት እንግዲህ በአስተርጓሚ መነጋገር ነው።

የመነጋገሪያ መስመርን ነገር ካነሣን፣ በ1962ቱ የኩባ ሚሳይል ቀውስ ዓለም በኑክሌር ልትጋይ ጥቂት ሲቀራት፣ በዋሽንግተን የሶቪየት አምባሳደር የነበሩት ዶብሪኒን ወደ ሞስኮ የሚልኩትን ምስጢራዊ ቴሌግራም የቴሌግራፍ ድርጅት ተላላኪ በብስክሌት እየመጣ ይወስድላቸው ነበር። የሶቪየት መሪ ክሩሽቼቭ በኦክቶበር 26 የላኩት ደብዳቤም ዋሽንግተን ላይ ተተርጉሞ እስኪጠናቀቅ 12 ሰዓት ገደማ ፈጀ። በማግስቱ ዓመት ሁለቱ ባላንጣዎች ቀጥታ መስመር ዘረጉ። በተረት እንደሚወራው ቀይ ስልክ አልነበረም፤ የጽሑፍ ማሽን ነው። በቃል የተነገረ በቁጣ ይበላሻል፣ በትርጉምም ይጣመማል ብለው እያንዳንዱ በየቋንቋው እንዲጽፍ ተስማሙ። ፈሪዎች! አንድ ጥሩ ሽለላ በጽሑፍ እንዴት ይወጣል?

የስልክ ላይ ዘማቹንም ሳናመሰግን አንለፍ። የራሱ ጦር ሲያልፍ ፎቶ አንሥቶ፣ የቦታውን ስም ጽፎ፣ «ኮራንባችሁ» ብሎ ይለጥፋል። ስትራቫ የተባለው የሩጫ መተግበሪያ በ2017 መጨረሻ የተጠቃሚዎቹን መስመር በካርታ ካወጣ በኋላ፣ በ2018 መጀመሪያ ወታደሮች ስፖርት የሚሠሩባቸው የጦር ሰፈሮች በበረሃ መሃል እንደ መብራት ቦግ ብለው ታዩ። ያ እንኳ ሳያውቁ ነው፤ የእኛው ዘማች አውቆ በነጻ ይሠራዋል።

ወኔ ቢሶቹ ደግሞ አሉ። ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ፣ ነዳጅ አስመጪ አባላቱን የ90 ቀን የተጣራ ግዢያቸውን የሚያህል ክምችት እንዲይዙ ያስገድዳል። በርሜል ቆጠራ! ሊቱዌንያ እስከ 2014 ድረስ ጋዟን በሙሉ ከሩሲያ ትገዛ ነበር። በዚህ መሃል 170,000 ሜትር ኩብ ፈሳሽ ጋዝ የምትይዝ መርከብ ለ10 ዓመት ተከራይታ ክላይፔዳ ወደብ ላይ ልታቆም ተዋዋለች። መርከቧ የደረሰችው በኦክቶበር ነው፤ የሩሲያው ጋዝ ሻጭ ጋዝፕሮም ግን አስቀድሞ በሜይ ዋጋውን በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ቻይና በ2010 ብርቅዬ ማዕድን ስትቆልፍባት ጃፓን በቀጣዩ ዓመት ለአውስትራሊያው ማዕድን አውጪ ላይናስ 250 ሚሊዮን ዶላር አቀረበች፤ በቻይና ላይ ያላት ጥገኝነት ከ90 በመቶ ገደማ ወደ 60 በመቶ ገደማ ለመውረድ ዓመታት ወሰደ። ዓመታት! ሰልፈኛ ይህን ያህል ቆሞ ይጠብቃል?

ከሁሉም የባሰችው ኳታር ናት። በጁን 2017 ሳዑዲ አረቢያን ጨምሮ አራት የዓረብ አገሮች ሲያግዷትና ከምግቧ 40 በመቶ ያህሉ የሚገባበት ብቸኛ የየብስ ድንበር ሲዘጋባት፣ ከብት በአውሮፕላን አስጫነች። በረሃ ላይ ማቀዝቀዣ ያለው በረት ሠራች፤ በዓመቱ ገደማ ወተቷን ራሷ ቻለች፤ በ2019 ጭራሽ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች። ይህ ሁሉ ሲሆን «ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ» ማለቷን አላቆመችም፤ በጃንዋሪ 2021 በሳዑዲዋ አል ዑላ ከተማ ላይ ተፈራርመው ድንበሩ ተከፈተ። እንዲህ በሆነ አገር ደህና ፎካሪ በምን ይተዳደራል?