የጎልፍ አደብ ይግባ፣ ንቀቱ ከበር ይመለስ

ጎልፍ በወሎ ገና ሥር አልሰደደም። ወጣቱ ግን በሳተላይት ቴሌቪዥን ያየዋል፤ ከአረብ አገርና ከአሜሪካ የሚመለሱ ወገኖቻችንም ያወሩታል። ነገ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ አንድ ባለሀብት ወይም አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ቢያዘጋጅ፣ ከጨዋታው ጋር አደብም ንቀትም አብረው ይገባሉ። ሁለቱ በአንድ ደንብ ወረቀት ላይ ተጽፈው ስለሚመጡ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ሳይጀመር በፊት ልንለያቸው ይገባል።

እኔ የምለይበት መንገድ ይህ ነው። አንድ ደንብ ሰውን ከጉዳት፣ ሣሩን ከጥፋት ወይም የሌላውን ጊዜ ከብክነት የሚጠብቅ ከሆነ አደብ ነው። ከእነዚህ አንዱንም የማይጠብቅ ከሆነ፣ ማን ይግባ ማን ይቅር ለማለት የታጠረ አጥር ነው።

ከጉዳት እንነሣ። የጎልፍ ኳስ እስከ 45.93 ግራም ይመዝናል፤ ድፍንና ጠንካራ ነው። መካከለኛ ተጫዋች እንኳ የረጅሙን ዱላ ጫፍ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ያወናጭፈዋል። ስለዚህ ሰው ሲመታ ከኋላውም ከኳሱ ፊትም አይቆምም። የሚመታው ሰው በሚያየን ጎን፣ ዱላው ከሚደርስበት በደንብ ርቀን፣ ጥላችንን ኳሱ ላይ ሳንጥል ዝም ብለን እንቆማለን። ፊት ያሉት ተጫዋቾች ኳስ ከሚደርስበት ሳይርቁም አይመታም። እዚህ ላይ የደሴ ከፍታ ይታሰብ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ኳስ በባሕር ዳርቻ ሜዳ ከሚሄደው ይርቃል። በሌላ አገር የለመደውን ርቀት አምኖ የሚመታ ሰው አደጋ ያደርሳል። ኳስ ወደ ሰው ሲሄድ በሌላው ዓለም «ፎር!» ተብሎ ይጮኻል። በእኛ ሜዳ ዳር ግን እረኛ አለ፣ ውኃ ቀድታ የምትመለስ ልጅ አለች፤ «ፎር» ቢባሉ ምን ያውቃሉ? «ኳስ! ራስህን!» ይባል፤ ዋናው ነገር ሰው ሰምቶ እንዲጠነቀቅ ነው።

የሣሩ ነገር ሰፋ ያለ ነው። ሰርዶ የምንለው ሣር በሞቃት አገሮች ብዙ የጎልፍ ሜዳ የሚለብሰው ያው ሣር ነው። መሬት ለመሬት እየተሳበ ቁስሉን ራሱ ይሸፍናል። በቀዝቃዛ አገር ሣር ላይ ዱላ ቦጭቆ ያነሣውን ቁራጭ መልሶ መትከል ያዋጣል፤ በሰርዶ ላይ ግን ቁራጩ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። የሚሻለው የተቦጨቀውን ቦታ ከመሬቱ እኩል እስኪሆን አሸዋ ሞልቶ በጫማ መጠቅጠቅ ነው። ተጫዋች ሁሉ በትንሽ ከረጢት አሸዋ ይያዝ። ግሪን በሚባለው፣ ኳስ የሚገባበት ጉድጓድ ባለበት አጭር ሣር ላይ ደግሞ ከላይ የወረደ ኳስ መሬቱን ይሰረጉዳል። ጀማሪ ስርጉዱን የሚጠግንበትን ትንሽ ሹካ ከሥር ሰክቶ አፈሩን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጥፋቱ ይህ ነው፤ ሥሩ ይበጠስና ቦታው ለሳምንታት ራሰ በራ ሆኖ ይቆያል። ሹካውን ከስርጉዱ ጠርዝ ላይ ሰክቶ ከዙሪያው ወደ መሐል መግፋት፣ ከዚያም በፓተር፣ ማለትም ግሪን ላይ ኳስ በሚንከባለልበት ዱላ፣ መታ መታ አድርጎ ማስተካከል ይገባል። በበልግና በክረምት መሬቱ ስለሚርስ ይህ ሥራ ይበዛል። ኳስን ከጉድጓዱ በዱላ ጫፍ መጎልጎልም ክልክል ይሁን፤ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ከንፈሩ ከፈረሰ ከኋላ ለሚመጣው ሁሉ ጨዋታው ተበላሸ።

ጊዜን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ሕግ ሥራውን ጨርሶልናል፦ የጠፋ ኳስ የሚፈለገው ለ3 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቀድሞ 5 ነበር። ተራው ከደረሰ በኋላ በ40 ሰከንድ ውስጥ መምታት ይመከራል።

አሁን ወደ አጥሩ። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ ጂንስ ክልክል፣ የቁምጣ ርዝመት፣ የካልሲ ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ1744 በስኮትላንድ ሌዝ የተጻፈው ጥንታዊ ሕግ 13 አንቀጾች ነበሩት፤ አንዱም ስለ ልብስ አያወራም። ልብስን ወደ በር የወሰዱት ክለቦች ናቸው፤ በሩ ላይ የሚመለሰውም ጂንስ ለባሽ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1920 እንግሊዝ አገር ዲል ላይ ዋልተር ሄገን የተባለው ታላቅ ተጫዋች በጨዋታው ስለሚተዳደር ብቻ ከክለቡ ቤት ስለተከለከለ፣ የተከራየውን መኪና በሩ ላይ አቁሞ ልብሱን እዚያ ይቀይር ነበር። የአሜሪካ ባለሙያ ተጫዋቾች ማኅበር ነጭ ያልሆነን አባል የሚከለክለውን አንቀጽ የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ኦገስታ ናሽናል የተባለው የአሜሪካ ክለብ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2012፣ የስኮትላንዱ ክለብ ሙርፊልድ ሊቀበል የወሰነውም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ይህ ሁሉ ሲደረግ ወግ ይባል ነበር።

እኛ የራሳችን ወግ አለን። የገናን ሩር በዱላ ስናሳድድ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን፤ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ የለም ማለት ነው። ሰው እየለየ የሚያስገባ ጨዋታ ይህን ባህል ይሽራል፤ ለምን እንፈቅዳለን?

ከልብስ የሚጠየቀው ይህ ብቻ ይሁን፦ የማያንሸራትት የጎማ ሶል፤ ተረከዙ ሹል ያልሆነ ጫማ፣ ግሪኑን ስለሚበሳ፤ ሲወናጨፉ የማይጠለፍ ልብስ። ነጠላ ወይም ጋቢ ተንጠልጥሎ ዱላውን ከያዘ አደጋ ነውና ይታጠፍ ወይም ይቀመጥ። ሒጃብ የለበሰች ልጅ ጫፉን በመርፌ ካያያዘች ምንም አይጎድላትም። ረጅም ቀሚስም፣ ከባቲ የመጣው ሰው ሽርጥም እርምጃ ካልያዘ ይጫወቱበት። የደሴ ጠዋት ብርድ ስለሆነ ሹራብ ደርቦ መጫወትም ነውር አይደለም።

በዱላ ብዛት መናናቅም አለ። ሕጉ ከ14 በላይ አትያዝ ይላል፤ ከዚህ ማነስ የለበትም አይልም። ለጀማሪ አንድ 7 ቁጥር የብረት ዱላ፣ ለአጭር ርቀት ኳስን ከፍ አድርጎ የሚያነሣ አንድ ዌጅና አንድ ፓተር ይበቃሉ። ሃንዲካፕ፣ ማለትም ለደከመ ተጫዋች ከውጤቱ የሚቀነስለት ምት፣ እስከ 54 ስለሚሰጥም፣ አዲስ ገቢ ከተካነው ጋር በእኩል ይፎካከራል። ሳይጠየቅ በየምቱ «ክንድህን ዘርጋ» እያለ የሚያስተምረው አዋቂ ነኝ ባይ ይህን ይወቅ፦ በውድድር ላይ ለተፎካካሪ ምክር መስጠት 2 ምት ያስቀጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የካዲው ነገር ነው። የተጫዋቹን የዱላ ከረጢት የሚሸከመው ልጅ ዋጋው አስቀድሞ ተነግሮት፣ በስሙ ተጠርቶ፣ ውኃ ተሰጥቶት ይሥራ። «አንተ ልጅ» እየተባለ አይጠራ፤ በዕድሜ የገፋ ከሆነም አንቱ ይባል። በውጭ ብዙ ክለቦች ሰኞ ሜዳውን ለካዲዎች የመልቀቅ ልማድ አላቸው፤ ብዙ ጎበዝ ተጫዋቾችም ከካዲነት ወጥተዋል። ይህን እንውሰድ። ለኮምቦልቻ ግን ሰኞ አይመችም፤ የባቲ ገበያ ነውና ሌላ ቀን ይመረጥ።