ሙያ በልብ ነው፣ ኮታም እንዲሁ

ፖለቲከኛን የሚያማ ሰው አይገባኝም። በተለይ ስለ ውጭ ሠራተኛ ኮታ የሚከራከሩትን። እስቲ እናንተ ሞክሩት፦ በአፋችሁ "በሩ ተዘግቷል!" እያላችሁ በእጃችሁ መቀርቀሪያውን አንሱ። ሲጢጥ ብሎ ያጋልጣችኋል። እነሱ ግን ማጠፊያውን ዘይት ቀብተው ነው የሚመጡት።

የጣሊያኗን ጠቅላይ ሚኒስትር ጆርጂያ ሜሎኒን እንይ። ሥልጣን ሳይዙ የስደተኛ ጀልባ በባሕር ኃይል ይታገድ ይሉ ነበር። ድምፅ የሚያመጣ ንግግር ነው፣ አመጣም። ከዚያ መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2025 ለ452,000 የውጭ ሠራተኞች ኮታ አወጣ። ለቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ደግሞ ወደ 500,000 አስጠጋው። ለካ የጠሉት ጀልባውን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

አሜሪካኖቹ ግን ከሁሉም ይበልጣሉ። ኤች-ቱ-ቢ የሚባል የወቅት ሠራተኛ ቪዛ አላቸው፤ የሆቴል አልጋ ለሚያነጥፉት፣ ሣር ለሚያጭዱት፣ የሸርጣን ሥጋ ለሚፈለፍሉት። የሕጉ ጣሪያ በዓመት 66,000 ነው። ጣሪያው አይነካም፣ ይከበራል! ምክር ቤቱ የሚያደርገው ምንድን ነው፣ ከዚያ ሁሉ ገጽ የበጀት ሕግ መሐል "ካስፈለገ ይጨመር" የምትል አንቀጽ ሸጎጥ ያደርጋል። በ2023፣ በ2024 እና በ2025 የበጀት ዓመታት በእያንዳንዱ እስከ 64,716 ቪዛ እንዲጨመር ተፈቀደ። ጣሪያው ላይ ሌላ ፎቅ ተሠራ ማለት ነው። "ብትመርጡኝ 64,716 ሰው እጨምራለሁ" ብሎ መድረክ ላይ የጮኸ ግን እኔ አልሰማሁም። ሙያ በልብ ነው። (ለእርሻ ሠራተኛ የሚሰጠው ኤች-ቱ-ኤ ደግሞ ጭራሽ ጣሪያ የለውም። ሰላጣ ፊት ማን ይፎክራል?)

እንግሊዞች በ2016 "ድንበራችንን ራሳችን እንቆጣጠር" ብለው ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት መረጡ። በ2021 የከባድ መኪና ሾፌር ጠፍቶ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ሰልፍ ሲያዙ መንግሥት 5,000 ጊዜያዊ ቪዛ አዘጋጅቻለሁ አለ። የሚያበቃውስ መቼ ነው? ዲሴምበር 24። የገናውን ዕቃ አድርሱልንና ዋዜማውን ውጡልን ማለት እኮ ነው! ኋላ ላይ ቀኑ ቢራዘምም በዚህ ግብዣ የተነሳሳ ሾፌር ጥቂት ነበር። ሾፌር ደግሞ ኩሩ ነው።

አሁን ወደ ቀጣሪዎቹ። "ሰው ጠፋ!" ይላሉ። ልብ ብሎ ለሰማ ሙሉው ዓረፍተ ነገር "በዚህ ደመወዝ ሰው ጠፋ" የሚል ነው፤ የፊተኛዋን ሐረግ በትሕትና ይውጧታል። ከእነሱ ተምሬ እኔም ከባድ የቪላ እጥረት እንዳለ ደርሼበታለሁ። ኪሴ ውስጥ ባለው ገንዘብ ቪላ የሚሸጥልኝ አንድ ሰው አጣሁ፣ መንግሥት ጣልቃ ይግባልኝ። ኮታው ሲሰጣቸው ደግሞ ሠራተኛው ከነማሰሪያው ነው የሚመጣው፤ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀጣሪ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራውን ጥሎ ከወጣ ፈቃዱም አብሮት ይወጣል። እንዲህ ያለ ሰው ደመወዝ ጨምሩልኝ ብሎ አፉን አይከፍትም። ታታሪ ናቸው ይሏቸዋል።

"በሩን ዝጉትና ደመወዙ በራሱ ይጨምራል" ለሚሉትም ምስጋናዬ ይድረስ። ይኼ እኮ ተሞክሯል። ብራሴሮ የተባለው፣ የሜክሲኮ ሠራተኞችን ወደ አሜሪካ እርሻ የሚያስገባ ፕሮግራም በ1942 ተጀምሮ በ1964 መጨረሻ ተዘጋ። ገበሬዎቹ ቲማቲም አለቀለት ብለው አለቀሱ፣ ዘጊዎቹ የአገሬው ሠራተኛ አለፈለት ብለው አጨበጨቡ። ዴቪስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግን ቀድመው ሲዘጋጁ ቆይተው ነበር፤ ሲወድቅ የማይፈርጥ፣ ቆዳው ጠንካራ ቲማቲም አዳቅለው ለሱ የሚሆን ማሽን ሠርተዋል። ማሽኑ ተክሉን ከሥሩ ይቆርጠዋል፣ ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ እንደ ወንፊት ያራግፈዋል። ፍሬው በቀበቶ ላይ ሲያልፍ ግራና ቀኝ የቆሙ ሰዎች አረንጓዴውንና የአፈር ጓሉን ይለቅማሉ። በጥቂት ዓመት ውስጥ የካሊፎርኒያ የፋብሪካ ቲማቲም ከሞላ ጎደል በዚህ ማሽን ይሰበሰብ ጀመር። የደመወዙ ነገርስ? በ2018 የታተመ የሦስት ኢኮኖሚስቶች ጥናት የአገሬው እርሻ ሠራተኛ ደመወዝ በመዘጋቱ ምክንያት ሲጨምር አላየሁም ብሏል። ጭማሪ የተነገረለት ሰው ማሽን መጣለት። ቲማቲም አለቀ ያሉትም ተሳሳቱ፣ አለፈላችሁ ያሉትም ተሳሳቱ፣ ሁለቱም ግን እስከ ዛሬ ያንኑ ንግግር ያለ አንዲት እርማት ይደግሙታል። ለካ ቆዳው የጠነከረው ቲማቲሙ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ አንጀቴን የሚያርሰኝ ግን አንድ ቃል ነው። በ1986 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግ ፈቃድ የሌለውን ሰው "እያወቀ" የቀጠረ ይቀጣል ይላል። እያወቀ! ይህችን ቃል ያሰባት ሰው ሐውልት ይገባዋል። ቀጣሪው መታወቂያውን ይቀበላል፣ ወደ ብርሃን ከፍ ያደርገዋል፣ ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን ያያል። ትክክለኛ ይመስላል? ይመስላል። ቅጹ ላይ ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ማታ ስለ ድንበር ጥበቃ ስብሰባ አለበት፤ ሄዶ ከፊት ይቀመጥና መዳፉ እስኪቀላ ያጨበጭባል። አዳራሹን ያጸዳውን ሰው መታወቂያ ደግሞ ሌላ ቀጣሪ ቀደም ብሎ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አይቶታል።