ለአክስቴ የመጣው የግሪን ቲ እንክብል

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ግሪን ቲ (አረንጓዴ ሻይ) አልዛይመር የሚባለውን የመርሳት በሽታ ያድናል የሚል ፖስት ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር ከርሟል፣ እዚህ አዳማ ደሞ ፖስቱ ብቻ ሳይሆን የግሪን ቲ እንክብሉም አብሮ እየተሸጠ ነው። እኛም ቤት ገብቶ ነበርና ስለሱ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አክስቴ ከሁለት ዓመት ወዲህ ትረሳለች። መጀመሪያ በራዱን ጥዳ ትረሳውና ውሃው አልቆ ቅጠሉ ሲያርር ሽታው ነበር የሚጠራን፣ አሁን አሁን ደሞ እኔን በወንድሟ ስም ትጠራኛለች። ጎረቤቱ "ጃጅታለች እኮ፣ እርጅና ነው" ይላል። አንድ በጣም የሚወዳት ዘመዳችን ግን ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም፣ እንክብሉን ገዝቶ አመጣላት፣ ሻጩ "ተፈጥሯዊ ስለሆነ ሌላ መድኃኒት አያስፈልጋትም" ብሎት ኖሮ የግፊት ኪኒኗን አቋረጠች። ያወቅነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ ስትል አዙሯት ወድቃ ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ነው፣ ግፊቷ 190 ገብቷል። ስትሮክ ሳይሆን መድረሳችን እግዜር ይመስገን።

ዘመዳችንን አልወቅሰውም፣ የሰማው ነገር ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም፣ አስቸጋሪ ያደረገውም ይሄ ነው። ሻይ ቅጠል ውስጥ ካቴኪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፣ ከነሱ ውስጥ ብዙ የተጠናው ኢጂሲጂ ይባላል። ግሪን ቲም የኛው የውሽውሽና የጉመሮ ጥቁር ሻይም የሚመጡት ከአንድ አይነት ተክል ነው፣ ልዩነቱ ግሪን ቲው ተለቅሞ ብዙም ሳይቆይ በሙቀት ይመታና አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፣ ጥቁሩ ግን ተፈጭቶ አየር ሲያገኘው አብዛኛው ካቴኪን ወደ ሌላ ነገር ይቀየራል፣ ሻዩ ያን ቀይ መልኩን የሚያገኘውም ከዚሁ ነው። በፈረንጆቹ 2008 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በነሱ ነው) በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች ኢጂሲጂ አልዛይመርና እጅ የሚያንቀጠቅጠው ፓርኪንሰን ላይ አንጎል ውስጥ የሚከማቹትን ፕሮቲኖች፣ አሚሎይድ ቤታንና አልፋ ሳይኑክሊንን፣ ይዞ ሴል ወደማይጎዳ መልክ እንደሚቀይራቸው አሳይተዋል። ደስ የሚል ግኝት ነው፣ ግን ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ሰው የጠጣው ካቴኪን ግን ትንሹ ብቻ ነው ደም ውስጥ የሚገባው፣ አንጎል የሚደርሰው ደሞ ከዛም ያነሰ።

በ2006 ደሞ ጃፓን ውስጥ ዕድሜያቸው 70 እና ከዛ በላይ የሆነ 1,003 ሰዎች ታይተው በቀን ሁለት ስኒና ከዛ በላይ ግሪን ቲ የሚጠጡት ላይ የማሰብና የማስታወስ ችግር አነስ ብሎ ተገኝቷል። ፖስቶቹ የሚወዱት ይሄን አይነቱን ነው። እኔ ግን አክስቴን ነው ያሰብኩት፣ ድሮ በቀን አራት ብርጭቆ ትጠጣ ነበር፣ አሁን ማፍላቱንም ስለምትረሳ አንድ ከጠጣች ብዙ ነው። ዛሬ የሚቆጥር ሰው ቢመጣ "ሻይ ስለማትጠጣ ነው የረሳችው" ሊል ነው፣ እኛ ደሞ የቱ እንደቀደመ አይተናል። በአንድ ጊዜ ቆጠራ ይሄን መለየት አይቻልም።

በመድኃኒት ደረጃም ተሞክሯል። ጀርመን ውስጥ ፓርኪንሰንን የሚመስል፣ ያው አልፋ ሳይኑክሊን የሚከማችበት የአንጎል በሽታ ያለባቸው 92 ሰዎች ተመርጠው ግማሽ ያህሉ ለ48 ሳምንት ኢጂሲጂ ወሰዱ፣ ውጤቱ በ2019 ሲወጣ በሽታው ከሌሎቹ እኩል ነው የሄደው፣ እንዲያውም ጉበታቸው ተነክቶ ያቆሙ ነበሩ። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለስልጣንም በ2018 በቀን 800 ሚሊግራምና ከዛ በላይ ኢጂሲጂ በእንክብል መውሰድ ለጉበት እንደሚያሰጋ ተናግሯል። በስኒ የሚጠጣው ሻይ ሌላ ነው፣ ተጨምቆ እንክብል ውስጥ የታጨቀው ሌላ ነው። አክስቴ ስትውጠው የነበረው እንክብል ዕቃው ላይ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ እንኳን አልተጻፈም።

የሚያሳዝነኝ ለአንጎል የሚጠቅመው ነገር አጠገባችን ሆኖ ማለፋችን ነው። ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በ2024 የወጣው ትልቅ ሪፖርት 14 ነገሮች ቢስተካከሉ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይ ማዘግየት ይቻላል ይላል፣ ከነሱ ውስጥ በጉልምስና ዕድሜ የሚጀምር ደም ግፊት፣ ስኳር በሽታ፣ የጆሮ መድከም፣ ብቸኝነት አሉበት። ግፊት ማስለካት ከዛ እንክብል ዋጋ በጣም ይረክሳል። አክስቴ ጆሮዋም ከከበዳት ቆይቷል፣ ማንም አላስመረመራትም፣ እኔም ጭምር። መናኸሪያ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ሻይ ሲቀዳ ደሞ እዩ፣ ለአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ወንጂ ቅርባችን ነው ስኳር ለኛ ብርቅ አይደለም፣ ግን እንደዛ በቀን አራት አምስቴ ከተጠጣ ካቴኪኑ ምን ያረግልናል? እናቶቻችን በተለይ ነፍሰጡሮች ደሞ ሻዩን ከምግብ ጋር ባያደርጉት ጥሩ ነው፣ ከምግቡ የሚገኘውን አይረን ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ነው።

እንክብል የምትሸጡ ሰዎች፣ ሽጡ አትሽጡ የሚል ስልጣን የለኝም፣ ግን የሐኪም መድኃኒት አቁሙ አትበሉ፣ የሰው ነፍስ ነው። ቤታችሁ የሚረሳ ሰው ያለ ደሞ "ጃጀ" ብላችሁ አትተዉት፣ አስመርምሩት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ተራ ገብተን ከአክስቴ ጋር እንቀመጣለን። መጀመሪያ ኪኒኑ፣ ቁርስ፣ ቆየት ብሎ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ በግማሽ ማንኪያ ስኳር፣ በራዱን እሷ ትጥዳለች እኔ አጠገቧ ቆሜ አያለሁ። ትናንት ስትቀዳ "ስኳሩን ማን ሰረቀው?" አለችኝ፣ ወዲያው ደሞ በራሴ ስም ጠራችኝ።