ሳይለካ ሞተር አይውረድ

ደሴ ያለ አንድ ጋራዥ ሰሞኑን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲያምቀው የሚፈጠረውን ግፊት፣ መለካት ትቷል። ባለቤቱ ለደንበኞቹ የሰጠው ምክንያት ነው ያናደደኝ። «መለኪያው ኮምቦልቻ ሌላ፣ እዚህ ሌላ ይላል። ከእሱ ጆሮዬን አምናለሁ» አለ።

ሌላ ማለቱማ ትክክል ስለሆነ ነው! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመሃላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጡ አየሩ ይሳሳል። ፒስተኑ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ የሳሳ አየር ከገባ ግፊቱም ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 12 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳይ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ኮምቦልቻ ላይ ወደ 9 ተኩል ይወርዳል። ደሴ ላይ 9 ከሞላ ደህና ነው። ደሴ ላይ ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም በዚሁ በአየር ግፊት ማነስ ነው፤ እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። መካኒክ እንዴት አያውቅም?

አለማወቁ ደግሞ ኪስ ያራቁታል። የመኪናው መጽሐፍ 12 ይላል፣ መለኪያው 9 አለ፣ በቃ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» ይባላል፤ ፋሻ ማለት የፒስተኑ ቀለበት ነው። ሰውዬው የዕቁብ ብሩን ለጤነኛ ሞተር ይከፍላል። ይህ ዝርፊያ ነው።

መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ 9 ብለው አራተኛው 5 ካለ በሽታው እዚያ ነው። በተለምዶ ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። ከፍታው አራቱንም እኩል ስለሚቀንሳቸው ይህ ንጽጽር ደሴም ኮምቦልቻም ይሠራል።

ሥራው ደግሞ ቀላል ነው። ሞተሩ ይሞቃል። አራቱም ካንዴላ (ነዳጁን የሚለኩሰው) ይወጣል፣ ነዳጁና እሳቱ ይቋረጣል። አንድ ሰው ቤንዚን መስጫውን እስከ ጥግ ረግጦ፣ የመለኪያው ቀስት መውጣት እስኪያቆም ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ያዞራል። 5 ባለው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ተበልቷል። ንቅንቅ ካላለ ቫልቭ (የአየርና የጭስ በሩ) ወይም ጋርኒሲዮን (ከሞተሩ ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ በመሃላቸው ያለውን ጋርኒሲዮን ጠርጥር። ያኔ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ክዳን፣ ብቻ ይነሳል፤ ሞተሩ ከቦታው አይነቃነቅም። ለናፍጣ መኪና የራሱ መለኪያ አለ፤ ግፊቱ ከቤንዚኑ በጣም ስለሚበልጥ።

የለመደ ጆሮ ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር ብቻ እንደሚሠራ ይለያል፤ እሺ። ግን ካንዴላ ይሁን ቫልቭ፣ ፋሻ ይሁን ጋርኒሲዮን በየትኛው ጆሮ ነው የሚለየው? በግምት የሰው ንብረት አይፈታም።

ጋራዡ መለኪያውን ወደ ሥራ ይመልስ። ባለመኪናውም «ሞተር ይውረድ» ሲባል የአራቱን ሲሊንደር ቁጥር በወረቀት ይጠይቅ፣ ዘይት ከተጨመረ በኋላ የታየውንም ጭምር። እምቢ ካሉት ቁልፉን ተቀብሎ ሌላ ጋራዥ ይሂድ።