እማማ ምን ነክቷቸው ነው?

አገር ቤት አንዲት አዛውንት ልጃቸውን በከዘራ ሲማቱ ወይም ሠራተኛዋን «ወርቄን ሰረቅሽኝ» ሲሉ ሰፈሩ መልስ አያጣም፦ «ጃጅተዋል»፣ «ዕድሜ ነው»፣ አንዳንዴም «መተት ነው»። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያው ነገር ሲደርስ ቤተሰቡ በሩን ዘግቶ ይሸሽገዋል። ሐኪሙ ቀድሞ «የመርሳት በሽታ» ብሎ ስለሰየመው ሌላ ምክንያት የሚፈልግ የለም። እዚህም እዚያም ሳይጠየቅ የሚቀረው «ምን አመማቸው?» የሚለው ነው።

የመርሳት በሽታ የሚሄደው በወራትና በዓመታት ነው። ቁጣው በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከመጣ፣ መፍዘዝ ወይም የሌለ ነገር ማየት ከታከለበት፣ ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ እጥረት፣ ቀናት ያለፈው የሆድ ድርቀት፣ የስኳር መውረድ፣ በወንዶች ደግሞ በፕሮስቴት ምክንያት የታገተ ሽንት ይፈተሻሉ። በቅርቡ ወድቀው ከነበረ ለሐኪሙ መነገር አለበት፤ ጭንቅላት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈስ ደም ሊኖር ይችላል። በኩክ የተደፈነ ጆሮም ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል።

ሕመም ከሁሉ በላይ ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ በምዕራብ ኖርዌይ በ18 የአረጋውያን መጦሪያዎች የነበሩ 352 የመርሳት ሕሙማን ተከታትለው ነበር። ሥርዓት ባለው መንገድ የሕመም ማስታገሻ የተሰጣቸው፣ ብዙዎቹም ፓራሲታሞል ብቻ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ቁጣና መቅበጥበጣቸው በግልጽ ቀነሰ። ጉልበቱን እያመመው «አመመኝ» ማለት ያቃተው ሰው ሊያነሡት ሲሞክሩ ይማታል።

እኛ የውጭ ነዋሪዎች ልናርመው የሚገባ ጥፋትም አለ። በሻንጣ የምንልከው ታይሌኖል ፒኤም እና ቤናድሪል ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት አለባቸው፤ ይህ በአረጋውያን ላይ አእምሮን ያደናግራል፣ ሽንትም ያግታል። እናት «እንቅልፍ ይሰጠኛል» ብለው በየምሽቱ ይወስዱታል፣ ሌሊት ይቃዣሉ፣ ቤተሰቡ ጠበል ለመውሰድ ይነሣል። ጠበሉ ይቅር አይባልም፤ ግን የሽንት ምርመራው ይቅደም፣ ሐኪም ያዘዘላቸው መድኃኒት አይቋረጥ፣ በቂ ውሃም ይጠጡ።

አሜሪካ ምርመራው ቅርብ ነው፣ ቋንቋው ግን ሩቅ ነው። በመርሳት በሽታ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል፤ ጥቂት የነበረችው እንግሊዝኛ ስትሄድ ለረዳቷ «ሽንቴ መጣ» ማለት እንኳ አይቻልም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የልጅ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አያትን ያሳፍራል፣ ሕመሙንም ያስደብቃል።

ብርሃኑም ይለያል። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ዋሽንግተን በታኅሣሥ ወር 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ወደ ማታ የሚብሰው መቅበጥበጥ ያን ጊዜ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከ10 ሰዓት ጀምሮ መብራቱን ሁሉ ማብራት፣ መጋረጃ መዝጋት፣ ቡናውንም ወደ ጠዋት መመለስ። «ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ «ቤትዎ ይኸው» ብሎ መከራከር ያባብሳል። «ቤት ማን ይጠብቅዎታል?» ብሎ ማውራት፣ ጥቂት አብሮ መራመድ ይሻላል።

ሲማቱ ክንድ አለመያዝ። ከክንዳቸው ርዝመት በላይ ራቅ ብሎ በፊት ለፊታቸው መቆም፣ መውጫቸውን አለመዝጋት፣ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት፣ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም ማለት። ልጆች ይውጡ፤ ቢላና ከዘራ ቀድመው ከአጠገብ ይራቁ። ማሰር ፍርሃቱን ያባብሳል፣ ያቆስላልም። አሜሪካ ለድንገተኛ እርዳታ ወደ 911 ከተደወለ ለሚያነሣው ሰው ወዲያው «የመርሳት ሕመምተኛ ናቸው፣ መሣሪያ የላቸውም፣ አማርኛ ብቻ ነው የሚናገሩት» ማለት ያስፈልጋል።

ብዙው ጠብ ገላ ሲታጠቡ ነው። ምክንያቱ ብርድና ነውር ነው፤ አባት በሴት ልጃቸው ፊት ራቁታቸውን መቆምን በምንም አይቀበሉም። የሚያጥባቸው ወንድ ይሁን። ክፍሉን ቀድሞ ማሞቅ፣ ትከሻን በፎጣ ሸፍኖ ከእግር ጀምሮ ክፍል በክፍል ማጠብ፣ ጸጉርን መጨረሻ ላይ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል።

ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ፣ ማለትም የሳይኮሲስ (የከባድ የአእምሮ ሕመም) መድኃኒቶች፣ የሚታሰቡት ይህ ሁሉ ተሞክሮ አደጋው ካልቀነሰ ብቻ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 አዳዲሶቹ፣ በ2008 ደግሞ ነባሮቹ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች በመርሳት ሕሙማን አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ላይ ሃሎፔሪዶል ሰውነትን ግትር ያደርጋል። ከተሰጠም በትንሹ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ መቼ እንደሚቆም ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ነው።

አገር ቤት በዚህ ሁሉ በጣም የምትጎዳው ሠራተኛዋ ናት። የጠፋው ወርቅ ፍራሽ ሥር ወይም ጫማ ውስጥ እያለ እሷ ትባረራለች፣ ፖሊስ ጣቢያም ትወሰዳለች። ስትቀጠር ሕመሙ ይነገራት፤ ወርቁን ቤተሰብ ይያዝ፤ ክስ ሲነሣ «አብረን እንፈልግ» ይባል። እዚህ ደግሞ ሸክሙ ሌሊት ሠርታ ቀን የምታስታምመው ልጅ ላይ ይወድቃል፤ የአልዛይመር ማኅበር ስልክ 1-800-272-3900 ቀንና ሌሊት ይነሣል፣ አስተርጓሚም ያገናኛል። ከሩቅ ገንዘብ የሚልክ ወንድም ወይም እህት ደግሞ ለሌሊት የምትተካ ሁለተኛ ሰው ይቅጠር፤ የቀኗ አስታማሚ እንድትተኛ።